ሁለት ዕድሜ ያለው ልጅ

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሳሁ። ከምገላበጥ ልጻፈው።

ባለፈው ሳምንት ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። "ለዚያ ሽልማት ዕጩ አድርጌ ላቀርብሽ ነው" አሉኝ። በሕፃናት ሕክምና ምርምር ጀማሪ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጥ ሽልማት ነው። ደስ አለኝ፤ ምን ይደበቃል። ማታ ቤቴ ገብቼ መስፈርቱን አነበብኩ። አመልካቹ ፒኤችዲውን ከያዘ 7 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። በጣቴ ቆጠርኩ። ሁለት ወር ቀርቶኛል። ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዘንድሮ ካልሆነ ከዚያ ወዲያ "ጀማሪ" አይደለሁም ማለት ነው። "አንጋፋ" እንዳልባል ገና ነኝ። በመሃል ላለው ሰው ስም ያለው አይመስለኝም።

የእንዲህ ዓይነት ሽልማቶች ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚያስፎክር አይደለም። ሰርተፍኬት አለ። የጉባኤ ወጪ ይሸፈናል። መድረክ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥሻል። ዋናው ነገር ሲቪ ላይ የምትገባዋ አንድ መስመር ናት። ይቺን መስመር ደግሞ ማንም አይናቃት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ሆላንድ ውስጥ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጥን የምርምር ገንዘብ ተከታትሎ ነበር። ከማለፊያው ነጥብ ለጥቂት ከፍ ያሉትንና ለጥቂት ዝቅ ያሉትን አነጻጸረ። በነጥብ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። በቀጣዮቹ 8 ዓመታት ግን ለጥቂት ያለፉት ያገኙት የምርምር ገንዘብ ለጥቂት ከወደቁት ከእጥፍ በላይ ሆነ። አንዱ ምክንያት የወደቁት ድጋሚ ማመልከት መቀነሳቸው ነው። ይቺ ናት የነካችኝ። በሩ አልተዘጋባቸውም፤ ማንኳኳት ተዉ።

ለዚህ ነገር ስም ያወጣለት ሮበርት መርተን የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ነው። በ1968 "የማቴዎስ ውጤት" አለው። ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ያው ያለውም ይወሰድበታል የሚለውን የወንጌል ቃል ይዞ ነው። የሚገርመው ያ ጽሑፍ በብዛት የተደገፈው ሃሪየት ዙከርማን የኖቤል ተሸላሚዎችን አነጋግራ በሰበሰበችው መረጃ ላይ ነበር። ደራሲ ሆኖ የተጻፈው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው። የእሷም ስም መግባት እንደነበረበት መርተን ራሱ በኋላ አምኗል። ምስጋና ለማን እንደሚሄድ በሚያወራ ጽሑፍ ላይ!

ወደ ቅጹ ልመለስ። "እስካሁን የተገኘ ዋና ውጤት" የሚል ሳጥን አለው። እዚያ ላይ ነው ሦስት ማታ የተቀመጥኩት።

ጥናታችን ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ነው። ከመተንፈሻ ማሽን ቶሎ እንዲላቀቁ ያግዛል ብለን ያሰብነውን አሠራር እየሞከርን ነው። ቶሎ ተላቀቁ ወይ? አዎ፣ እስካሁን እንደዚያ ይመስላል። ግራፉ ያምራል። ፕሮፌሰሩም "እሱን ጻፊ፣ ዳኛ ቆንጆ ግራፍ ይወዳል" አሉኝ። የጥናቱ ዋና ጥያቄ ግን ይህ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው እንዴት ይሄዳሉ፣ እንዴት ይናገራሉ፣ እንዴት ያያሉ የሚል ነው። ያ መልስ ገና አልደረሰም።

በእኛ ሙያ ቶሎ የመጣ መልስ የሚያስፈራው በምክንያት ነው። ዴክሳሜታሶን የተባለው መድኃኒት በአንድ ወቅት ለእነዚህ ሕፃናት በሰፊው ይሰጥ ነበር። ከማሽን ቶሎ ያላቅቃቸዋል። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ለሚያይ ሰው ተአምር ነው። ልጆቹ አድገው ሲመረመሩ ግን በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው፣ በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ያለባቸው በዝተው ተገኙ። በ2002 የአሜሪካና የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት በአንድ ላይ "እንደ ዘወትር ሕክምና አትስጡት" አሉ። እስቲ አስቡት፤ ከዚያ በፊት የመጀመሪያውን ወር ውጤት ይዞ መድረክ የወጣ ጀማሪ ስንት ጭብጨባ ያገኝ ነበር።

ካፌይን ደግሞ አለ። አዎ፣ ያው ቡና ውስጥ ያለው። መተንፈስ ለሚረሱ ሕፃናት ይሰጣል። ትልቁ ጥናት ከ1999 ጀምሮ 2,006 ሕፃናትን መዘገበ። በ2006 የሳንባ ጉዳታቸው ቀንሷል ተባለ። በ2007፣ አንድ ዓመት ተኩል ሲያልፋቸው፣ ሞትና የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ተደምሮ ሲታይ ቀንሷል ተባለ። በ2012፣ በአምስት ዓመታቸው፣ ያ ልዩነት ጎልቶ አልታይ አለ። በ2017፣ በ11 ዓመታቸው፣ የእንቅስቃሴ ችግር ካፌይን በወሰዱት ላይ አንሶ ተገኘ። ጥናቱ አንድ ነው፤ ልጆቹም ያው ናቸው። አራት ጊዜ ሲጠየቁ ግን መልሱ አንድ ዓይነት አልነበረም። ከመጀመሪያው ሕፃን እስከ አራተኛው መልስ 18 ዓመት ሄደ። የእኔ ቅጽ የሚያውቀው 7 ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ እናት ልጇን ይዛ መጣች። ትናንት ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ቀጠሮው በልደቱ መስሏት ነው። ልጁ ክፍሉን በአንድ እግሩ አቆመው። ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ የሲስተርን እስክሪብቶ ነጠቀ።

"ዶክተር፣ ሰው ስንት ዓመቱ ነው ሲለኝ የቱን ልናገር?" አለችኝ። "ሁለቱንም ማስረዳት ሰለቸኝ እኮ።"

እውነቷን ነው። ልጁ ሁለት ዕድሜ አለው። የተወለደው በ27ኛው ሳምንት ነው፤ መወለድ የነበረበት በ40ኛው። 13 ሳምንት ቀድሟል፣ ሦስት ወር በሉት። ስለዚህ እድገቱን ስንለካ ሦስቱን ወር እንቀንስለታለን። የተስተካከለ ዕድሜ እንለዋለን። በዚህ ዕድሜ ሦስት ወር ቀላል አይደለም። ሁለት ቃል አገጣጥሞ መናገር ሊመጣ የሚችለው በእነዚያ ወራት ውስጥ ነው። በልደቱ ቀን ብንለካው ኋላ ያልቀረውን ልጅ ኋላ ቀርቷል ልንል እንችላለን።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ለሬዚደንቶችም አስተምራለሁ። ግን ሐሳቤ ዴድላይኑ ላይ ነበር። በጥናታችን የሁለት ዓመት ምርመራ ከቀሩን ልጆች አንዱ እሱ ነው። እግሩ መጥቷል። "ሲስተር፣ እዚህ ከመጣ አይቀር ዛሬ ብናየውስ?" አልኩ።

ሲስተር ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ እዚህ ክፍል የነበሩ ናቸው።

"ዶክተርዬ፣ ይህ ልጅ በእኛ አቆጣጠር 21 ወሩ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽማ ጥሩ።"

በቃ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እስክሪብቷቸውን ከልጁ ተቀብለው የቀጠሮ ካርዱን ሞሉ። ከሦስት ወር በኋላ። ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

የሲስተር መዝገብ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ለአንድ ልጅ አንድ ስልክ ቁጥር ይይዛል። የእሳቸው ደብተር የአያት፣ የአክስት፣ የጎረቤት፣ የአባት የሥራ ቦታ ቁጥር ይይዛል። ሰው ስልክ ይቀይራል፣ ቤት ይቀይራል። ልጁ ደህና የሆነለት "ምን ላደርግ ልመጣ" ይላል። ልጁ ያላማረለት ደግሞ የምንነግረውን ፈርቶ ይቀራል። ስለዚህ የሚጠፉብን ልጆች እንደ ዕጣ ዝም ብለው የሚወጡ አይደሉም፤ በምክንያት ነው የሚጠፉት። ብዙ ከጠፉብሽ ግራፉ የፈለገውን ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ዳኛ ብሆን "ምን አገኘሽ?" ከማለቴ በፊት "ስንት ልጅ ጠፋብሽ?" ብዬ እጠይቅ ነበር። እስካሁን ባየኋቸው ቅጾች ላይ ግን የዚህ ሳጥን አልገጠመኝም። ለሲስተር ስምም ቦታ የለም። አመልካች አንድ ሰው ነው።

ሌላ ሳጥን ግን አለ። "ምርምር ያቋረጡበት ጊዜ ካለ ይግለጹ" ይላል። ልጄን ስወልድ 11 ወር ቤት ነበርኩ። ያለፈው ጊዜ፣ ሌላ ቦታ ሳመለክት፣ ይህን ሳጥን ባዶ ትቼዋለሁ። ለምን? ዳኞቹ "ይቺ ሥራዋ ላይ አይደለችም" እንዳይሉ። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለእናት ተመራማሪ በአንድ ልጅ 18 ወር ይጨምርላታል። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ጀማሪ የሚለው ከመጨረሻው ዲግሪ ወይም ከክሊኒክ ሥልጠናው ማብቂያ 10 ዓመት ያላለፈውን ነው፤ ለወለደች አንድ ዓመት ይጨምራል። ይኸው የተስተካከለ ዕድሜ! ለሰው ልጅ ሁሉ ሳሰላ ውዬ ለራሴ ሲሆን አፈርኩ። የዲዩቲ ሌሊቶቹን እንኳ ተውኳቸው። እነሱ እንደ ማቋረጥ አይቆጠሩም፤ እንደ ሥራም የሚቆጥራቸው የለም።

ዘግይቶ መሸለም ይሻላል ማለቴ ግን አይደለም። ዲሊፕ ማሃላናቢስን አስባለሁ። በሕፃናት ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ነበር። በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች ወደ ሕንድ ሲጎርፉ ኮሌራ ገባ። ባንጋኦን በሚባል ቦታ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። እሱ ግሉኮስ፣ የገበታ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አስበጠበጠ። ቤተሰብ ራሱ በኩባያ እያደረገ ታማሚውን አጠጣ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ዛሬ ኦአርኤስ የምንለው ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 36 ነበር፤ ለጀማሪዎች ሽልማት ልክ የሚሆንበት ዕድሜ። ጽሑፉ በ1973 ወጣ። ፖሊን የተባለውን የሕፃናት ሕክምና ምርምር ሽልማት ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር የተቀበለው በ2002 ነው፣ ከ31 ዓመት በኋላ። የዚያን ጊዜ ምን ይሠራለታል? ሽልማት የሚያስፈልገው ረዳት መቅጠር ያቃተው፣ ኮንትራቱ ሊያልቅ ስድስት ወር የቀረው ሰው ነው። እንዲያው ግን በ1971 የእኔን ቅጽ ቢሰጡት ውጤት የሚለው ላይ ምን ይጽፍ ነበር? ውሃ፣ ስኳር፣ ጨው?

ከሰዓት በኋላ ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። ግራፉን ከነማስጠንቀቂያው አስገባለሁ፤ ከሥሩ ግን "ዋናው ውጤት ገና ነው፣ ልጆቹ እያደጉ ነው" ብዬ እጽፋለሁ አልኳቸው።

"ገና ነው ብለሽ ሽልማት ትጠይቂያለሽ እንዴ?" ብለው ሳቁ።

"እርስዎ ዳኛ ቢሆኑ ይጥሉኛል?"

ትንሽ ዝም አሉ። "ልጥልሽ እችላለሁ" አሉ። ውሸት ስለማያውቁ ነው የምወዳቸው። ከዚያ ሊያጽናኑኝ ፈልገው የአንድ ጥናት ነገር አነሱ። በ2019 የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ገና በጅምር ላይ ሳሉ ለጥቂት የምርምር ገንዘብ ያመለጣቸው ሳይንቲስቶች በኋላ፣ በመስኩ የቆዩት ማለት ነው፣ ለጥቂት ካገኙት የበለጠ የሚጠቀስ ሥራ ሠርተዋል ይላል። "አየሽ፣ መውደቅም ያበረታል" አሉኝ።

"ፕሮፌሰር፣ የቆዩት ነው እኮ ያሉት" አልኩ። ያው ጥናት ከወደቁት መካከል መስኩን ጥለው የሄዱ እንደነበሩም ይናገራል። ከክትትል የጠፉብን ልጆች ማለት ናቸው። እነሱን ማን ይደውልላቸዋል?

"ነገር አታክሪ፣ የድጋፍ ደብዳቤውን ነገ እልክልሻለሁ" ብለው ዘጉት።

አሁን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ቅጹን ሞልቻለሁ። የምስጋና መስመር ስለሌለው የሲስተርን ስም "የጥናቱ አካሄድ" የሚለው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ክትትሉን የሚመሩት እሳቸው ናቸው ብዬ። ያቋረጡበት ጊዜ የሚለው ላይ "11 ወር፣ ወሊድ" ብያለሁ። ምክንያት አስረዳ የሚል ሰፊ ቦታ ነበረው። ሌላ ምንም አልጻፍኩበትም። የምልከው ደብዳቤው ሲደርስ ነው።

ለዚያች እናት ግን መልስ ሳልሰጣት ነው የሄደችው። የቱን ልናገር ነበር ያለችኝ። ከሦስት ወር በኋላ ስትመጣ ያመቻትን ትናገር እላታለሁ።