አንድ እስር

ደሴ፣ ማክሰኞ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። አክስቴ ቤት ነኝ። ከላሊበላ የመጣሁት የአክስቴን ባል ለመሸኘት ነው። ጋሼ ነገ ንጋት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይነሳሉ። ከዚያ ጂዳ፣ ከዚያ መካ፣ ለዑምራ። ዕድሜያቸው 68 ነው። ከአገር ሲወጡ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

ማታ ሻንጣቸውን ሳስተካክል ጎረቤታቸው እትዬ መጡ። ልጃቸው ጂዳ ነው ያለው። ሰባት ዓመት ሆነው። እንደ ብዙ የወሎ ልጅ በባቲ በኩል ወጥቶ፣ የአፋርን በረሃ በእግሩ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ነው የተሻገረው። እትዬ ከነጠላቸው ውስጥ አንድ ጥቅልል ነገር አወጡ። አንድ እስር ደረቅ ጫት። ከጓሯቸው ለቅመው፣ በጥላ ያደረቁት።

«ለልጄ ነው። የቤቴ ሽታ ናፈቀኝ ብሎኝ ነው» አሉ።

ከጋሼ ልብስ ሥር ሊያስገቡት ሲያጎነብሱ እጃቸውን ያዝኩ።

«ይሄ አይሄድም እትዬ።»

«ምነው? ቅጠል እኮ ነው!»

«እዚያ ወንጀል ነው። ጋሼን ያሳስራል።»

«ዱአ የተደረገበት ቅጠል?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ መሰለኝ። አልተቆጡም፣ ግራ ገብቷቸው ነው። እንባ መጣ። አክስቴ ቡና ልታቀራርብ ተነሳች። ጋሼ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም አሉ።

እኚህ ሴት ውሸታቸውን አይደለም። ወሎ ውስጥ ወዳጃ፣ ማለት የዱአ ጉባኤ፣ ሲቀመጡ፣ ለታመመ ሲለመን፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ቡናው ከነጫቱ ይቀርባል። እኔ ጫት አልቅምም፣ መቃሙንም አልወደውም። ግን ማንም ሰው እትዬን ወንጀለኛ ሊላቸው አይችልም። ያው ቅጠል ሳዑዲ ሲደርስ ከአደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል። እንግሊዝ አገር ደግሞ እስከ 2014፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ በሱቅ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት በሰኔ ተከለከለ። ማክሰኞ የተፈቀደው ረቡዕ ሊያሳስር ይችላል። ቅጠሉ ግን አልተለወጠም።

እትዬ ከሄዱ በኋላ አንዲት ፈረንጅ ትዝ አለችኝ። እንቅልፍ የነሳችኝም እሷ ናት።

2004 ዓ.ም. ነው፣ ጥር ውስጥ፣ ገና ካለፈ በኋላ። አስጎብኚ ከሆንኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ትሑት ሰው ነች። ጫማዋን እኔ ሳልነግራት አውልቃ ትይዝ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስ ደርሰን፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደን፣ እኔ ስለ ውኃ መውረጃው ስናገር እሷ ከግድግዳው ሥር የወደቀች ቀይ ድንጋይ አነሳች። አውራ ጣት የምታክል። ኪሷ ከተተቻት።

አንድ ዲያቆን ከላይ ሆኖ አይቷል። «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። እኛ አገር በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። እሷ ቋንቋውን አታውቅም፣ ግን ቆመች። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ፖሊስ ጥሩ» አለ። ሌላው ሻንጣዋ ይፈተሽ አለ። ፊቷ አመድ መሰለ። ወደኔ ዞራ «ልታሰር ነው?» ስትል ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰዉ ለምን እንደዚያ እንደተቆጣ እኔ በደንብ አውቃለሁ። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ ከቤተ መድኃኔዓለም ሲሰረቅ ልጅ ነበርኩ። ሰባት ኪሎ ገደማ የሚመዝን የወርቅ መስቀል ነው። የታመመ የሚዳሰስበት፣ የተጨነቀ የሚሳለመው። እናቴ ያን ሰሞን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፣ እንደ ሐዘንተኛ። መስቀሉ ባሕር ተሻግሮ አንድ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ነው የተገኘው። የተመለሰልን በ1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የላሊበላ ሰው የፈረንጅ ሻንጣ ሲያይ ሆዱ ይሸበራል። እፍረት የለውም ይሄ። የተሰረቀ ሰው ነው።

አንድ ሽማግሌ ቄስ መጡ። ሰዉ ጸጥ አለ። እሷን አላናገሯትም። እኔን ነው ያዩኝ።

«ነግረሃት ነበር?»

ዝም አልኩ። ስለ ጫማ ነግሬያታለሁ። ስለ ካሜራ መብራት ነግሬያታለሁ። ቅዳሴ ላይ እንዳታነሳ ነግሬያታለሁ። ስለ ድንጋይ ግን ምንም አላልኳትም። አእምሮዬ ውስጥም አልነበረም።

«እንግዲያማ ግማሹ ያንተ ነው» አሉ።

ድንጋዩዋን ወዳነሳችበት መለሰች። ቄሱ በመስቀል ባረኳት። ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። እሷ የፈራችው እስር ነው። እኔን ያስለቀሰኝ ጥያቄው ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ የኢራቁን ዜና ሰማሁ። አንድ እንግሊዛዊ፣ ጡረታ የወጣ የሥነ ምድር ባለሙያ፣ 66 ዓመቱ። ከቡድን ጋር ኤሪዱ የሚባለውን ጥንታዊ ከተማ ሊጎበኝ ሄዶ 12 የሸክላ ስባሪዎች ከመሬት ለቅሟል። አየር ማረፊያ ላይ ተያዘ። ክልክል መሆኑን አላወቅሁም አለ። ፍርድ ቤቱ 15 ዓመት ፈረደበት። ሰኔ ላይ ተፈረደ፣ ሐምሌ ላይ ይግባኝ ሰሚው ሰረዘለትና ወደ ቤቱ ሄደ። ግን እነዚያን ሳምንታት አስቡት። በ66 ዓመቱ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ 15 ዓመት ሲባል መስማት።

ያን ዜና ሳነብ ሁለት ሰው ሆንኩ። አንደኛው የላሊበላ ልጅ ነው። የባግዳድ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2003 ጦርነት ጊዜ ሲዘረፍ ዓለም ቆሞ አይቷል። ኢራቃዊው ዳኛ የሸክላ ስባሪ ሲያይ ያን ቀን ቢያስታውስ አልፈርድበትም። እኔም መስቀሌን አስታውሳለሁ። ሌላኛው ሰው አስጎብኚው ነው። እሱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ማን ነገረው?

ይህ ጥያቄ ከኔ ጋር ቀርቷል። ስለ ውጭ አገር ቅጣት የምሰማውን ሁሉ በእሱ ነው የምመዝነው።

ለምሳሌ ሲንጋፖር። እዚያ ለሚገባ ሰው በሚሰጠው ቅጽ ላይ ዕፅ አዘዋዋሪ በሞት እንደሚቀጣ በቀይ ቀለም ይጻፍ ነበር። ቢያንስ ነግረዋል። በሞት መቅጣትን አልቀበልም፣ ግን እንግዳውን አድፍጠው አልጠበቁትም። ዓለምን ያነጋገረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ማይክል ፌይ የተባለው የ18 ዓመት አሜሪካዊ ነው። ቱሪስት እንኳ አልነበረም፣ ከእናቱ ጋር እዚያ ይኖር ነበር። መኪና ላይ ቀለም በመርጨት አራት ወር እስር፣ የገንዘብ ቅጣትና ስድስት የሸምበቆ ግርፋት ተፈረደበት። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሲለምኑለት ስድስቱ አራት ሆነ።

እኔን የከነከነኝ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ሁለት ግርፋት የተነሳው በፕሬዚዳንት ልመና ነው። ለእትዬ ልጅ ማን ይለምንለታል?

ግርፋትን ደግሞ ከአያቴ ነው የማውቀው። እኛም አገር በንጉሡ ጊዜ በሕግ ነበር። አያቴ ወጣት ሆኖ አንድ ሌባ በገበያ መሐል ሲገረፍ አይቷል። የሰረቀውን ግን አያስታውስም፣ በግ ይሁን እህል። ድምፁን ነው የሚያስታውሰው። ማታ ማታ ጅራፍ የሚያጮህ እረኛ ሲሰማ ፊቱን ያዞር ነበር። ስለዚህ ሰዎች «መኪና ካበላሸ ይገረፍ፣ ይገባዋል» ሲሉ እኔ የአያቴን ፊት ነው የማየው።

ከሁሉም የከፋብኝ የሰሜን ኮሪያው ነው። ኦቶ ዋርምቢየር፣ ተማሪ፣ ለጉብኝት የሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሆቴል ግድግዳ ላይ መፈክር የተጻፈበት ፖስተር ሊሰርቅ ሞክሯል ተብሎ 15 ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ራሱን እንደሳተ ለወላጆቹ ተመለሰ። በቀናት ውስጥ ሞተ። 22 ዓመቱ ነበር። ወረቀት ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ። እዚህ ላይ የምመዝነው ነገር የለኝም።

ልክ ነው ያልኩት ፍርድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ማሌዥያ ውስጥ ኪናባሉ የሚባል ተራራ ላይ ቱሪስቶች ልብሳቸውን አውልቀው ፎቶ ተነሱ። ለአካባቢው ሰው ተራራው ቅዱስ ነው፣ የሙታን ነፍስ ማረፊያ። አራቱ ሦስት ሦስት ቀን ታሰሩ፣ አምስት አምስት ሺህ ሪንጊት ከፈሉ፣ ወደ አገራቸው ተላኩ። ከላሊበላ በላይ ተራራው ላይ ባለችው አሸተን ማርያም አንዱ እንደዚያ ቢያደርግ እኔ ራሴ ከዚያ በላይ አልጠይቅም። ከዚያ በታችም አልቀበልም። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ ነው እንላለን፣ ግን ወርቅም ቦታ አለው።

የኛ የወንጀል ሕግ፣ የ1996 ዓ.ም.ቱ፣ አንቀጽ 81 ይህን ነገር ያውቀዋል። ሕግ አለማወቅ አያድንም ይላል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ፖሊስም ዳኛም ጎረቤትም ይለዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያነብም። በቅን ልቦና፣ በቂ ምክንያት ኖሮት መብት አለኝ ብሎ ላደረገው ዳኛው ቅጣቱን ማቅለል ይችላል። ጭራሽ ሊያውቅ ላልቻለና ክፉ ሐሳብ ለሌለው ሰው ደግሞ ያለ ቅጣት ሊያሰናብተው ይችላል። እኔ ይህን አንቀጽ ሳነብ የቄሱ ድምፅ ነው የተሰማኝ። «ነግረሃት ነበር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ስቀበል መጀመሪያ የምናገረው እሱን ነው። ገና ሆቴል እያለን። ድንጋይ አይነሳም። አሮጌ መስቀል፣ ብራና፣ ሥዕል አይገዛም። ጊፍት ሾፕ ያለው አዲስ ዕቃ ቢሆንም አሮጌ የሚመስል ከሆነ ቦሌ ላይ የቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሰዎቹ አንዳንዴ ይደነግጣሉ፣ ገና አገሩን ሳያዩ ክልከላ ሲሰሙ። ይደንግጡ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ በሰው ተከበው ከሚደነግጡ ይሻላል።

ግን ፈረንጁ ሲታሰር የሚጠራው አለው። እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 የታሰረ የውጭ አገር ሰው ለቆንስላው እንዲነገርለት መብት ይሰጠዋል። መብቱ ለወሎ ልጅም እኩል ተጽፏል። ፓስፖርት ለሌለው፣ በጀልባ ለተሻገረ፣ መብቱን ለማያውቅ ልጅ ግን ያ ወረቀት ሩቅ ነው። ሳዑዲ ውስጥ በሐሺሽ ዝውውር አንገታቸው የተቀላ ኢትዮጵያውያን አሉ። አንድ ፈረንጅ 15 ዓመት ሲፈረድበት ዓለም ይንጫጫል፣ መንጫጫቱም ደግ ነው። የእነዚህን ስም ግን መንደራቸው ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህ ያንገበግበኛል። ዛሬ ማታ የእትዬን እጅ የያዝኩትም ለዚህ ነው።

ረቡዕ፣ ንጋት

አልተኛሁም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ሌሊቱን ገብስ ሲቆሉ አድረዋል፣ እጃቸው ላይ የጢስ ሽታ አለ። በሶ ይዘው መጥተዋል።

በሩ ላይ ቆመው፣ ሳይገቡ፣ «በሶስ? በሶስ ወንጀል ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ። ይግቡ።»

በላስቲክ ቋጠርነው። ደግሞ በሌላ ላስቲክ። ከሻንጣው ሥር እንዳይደበቅ ከላይ፣ በሚታይ ቦታ አደረግሁት። ወረቀት ቆርጬ «የተቆላ ገብስ ዱቄት» ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩ። መድረሳ የሚማረው የአክስቴ የልጅ ልጅ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣ ከሥሩ በዓረብኛ ጨመረበት። እትዬ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና «ሁሉንም ነገረልኝ?» ብለው ጠየቁት።

«ነግሬያለሁ» አላቸው።