ቤተሰቤን ዱባይ ያመጣሁበት ሒሳብ

ሥራው የተገኘው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ዱባይ ውስጥ፣ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ቤት፣ በሒሳብ ሠራተኝነት። ደመወዙ በወር 11,000 ድርሃም። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 የታሰረ ነው፤ ወዲያው ወደ ብር አባዛሁት። በዚያን ጊዜው የባንክ ምንዛሪ ከ150,000 ብር በላይ መጣ። በዚያ ላይ ከደመወዝ የሚቆረጥ የገቢ ግብር የለም። እኔና ባለቤቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የሰባት ዓመት ሴት ልጅና የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። አራታችንም አብረን እንሂድ ተባባልን።

ዱባይ አሥር ዓመት የኖረ የቀድሞ ባልደረባዬ ጋር ደወልኩ። "ወንድሜ፣ መጀመሪያ ብቻህን ና። ቤት ሳትይዝ ልጆች ይዘህ እንዳትመጣ" አለኝ። ከፋኝ። ግን ሰማሁት፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ዱባይ ትልቁ ወጪ በወር በወር አይመጣም፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚቆለለው። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ስደምር የነበረው የወር ወጪ ነበር። ስህተቴ እዚያ ጋ ነው። የቤት ኪራይ የሚነገረው በዓመት ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ ቀን ተጽፎባቸው አስቀድመው በሚሰጡ ቼኮች ነው። አከራዩ "በሁለት ቼክ" ካለህ የስድስት ወሩን ቁልፍ ሳትቀበል ትከፍላለህ። ቼክ ለማግኘት የባንክ ሒሳብ ያስፈልጋል። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የኤምሬትስ መታወቂያ ያስፈልጋል። እስከዚያ እኔ ዴይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ቤድ ስፔስ፣ ማለትም የአልጋ ቦታ ብቻ፣ ይዤ፣ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል እጋራ ነበር። በወር 900 ድርሃም።

በመጨረሻ አል ቁሳይስ የሚባል ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ቤት አገኘሁ፣ በዓመት 45,000 ድርሃም፣ በሁለት ቼክ። የፈረምኩ ቀን የከፈልኩትን አሁንም ደብተሬ ላይ አለ። የመጀመሪያው ቼክ 22,500። ማስያዣ 5 በመቶ፣ 2,250። የደላላ 5 በመቶ፣ ቫት ተጨምሮበት 2,360 ገደማ። ለመብራትና ውኃ መሥሪያ ቤቱ ለዴዋ ማስያዣ 2,000፣ ማስቀጠያው ለብቻ። ውሉን ኢጃሪ በሚባለው የመንግሥት የኪራይ ውል መዝገብ ላይ ለማስመዝገብ ሁለት መቶ ምናምን። ድምሩ ከ29,000 አለፈ። ይህ የሦስት ወር ደመወዜ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ገና አንድ አልጋ እንኳን አልገዛሁም። ያልጠበቅኩት ሌላም ነገር ነበር። ዴዋ በየወሩ በሚልከው ቢል ላይ የዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ የቤት ክፍያ ተብሎ ለአሥራ ሁለት ተከፍሎ ይጨመራል። የእኔ 187 ድርሃም ተኩል ነበር። የሐምሌና የነሐሴ የኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ቢል ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ሁለተኛውን ቼክ ያወጣው ዕቁብ ነው። አሥር ሆነን በወር ሁለት ሁለት ሺህ እንጥል ነበር። ዕጣዬን ከአንድ የደሴ ልጅ ጋር ተቀያየርኩና 20,000ው የቼኩ ወር ላይ ደረሰልኝ። እሱ ባይፈቅድልኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ባዶ ሒሳብ ላይ ቼክ መጻፍ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም።

የቤተሰቡ ቪዛ የዘገየው በወረቀት ነው። ቤተ ክርስቲያን ያገባንበትን ማስረጃ በቂ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የጋብቻውም የልጆቹም የልደት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት መውጣት አለበት። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ የኤምሬትስ ኤምባሲ፣ እዚህ ደግሞ የእነሱ ውጭ ጉዳይ። ባለቤቴ ሁለት ልጅ ይዛ ሁለት ወር ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። ሁለት ወር ሙሉ እኔ ባዶ ቤት ኪራይ ከፈልኩ። ወረቀቱን እኔ ሳልወጣ መጨረስ ነበረብን።

ጥር 2015 መጡ። ኤርፖርት ላይ ትንሹ ልጄ አላወቀኝም ነበር። ይህ በየትኛውም ደብተር አይጻፍም።

መሥሪያ ቤቱ የጤና ኢንሹራንስ የገባው ለእኔ ብቻ ነው። የሦስቱን እኔ ከፈልኩ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዋናነት የዜጎች ናቸው፤ የውጭ ዜጋ ልጆች የሚማሩት በአብዛኛው በግል ነው። በእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩትን ጠይቀን ዝም ብለን ተመለስን። ልጄን በህንድ ሥርዓተ ትምህርት አስገባናት፣ በዓመት 9,500፣ ሰርቪሱ ለብቻው። ተቆጣጣሪው ኬኤችዲኤ የየትምህርት ቤቱን ክፍያና ደረጃ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ቤት ከመፈለጌ በፊት ያን ባየሁ ኖሮ ሰፈሩን የምመርጠው በትምህርት ቤቱ ነበር። ሰርቪስ አንከፍልም ነበር።

ከሁሉም የከበደን ግን እንደ ወጪ ያልቆጠርነው ነገር ነው፤ የባለቤቴ ደመወዝ። አዲስ አበባ ነርስ ነበረች። እዚህ ለመሥራት የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የትምህርትና የሥራ ማስረጃዋ ዳታፍሎው በሚባል አጣሪ ድርጅት በኩል ከምንጩ ይጣራል፣ ከዚያ ፈተና አለ። ሁሉም ይከፈልበታል፣ ሁሉም ጊዜ ይፈጃል። አንድ ዓመት ከአራት ወር ቤት ዋለች። በእጇ ገንዘብ ይዛ የኖረች ሴት ለልጇ ጫማ እኔን መጠየቅ ሲኖርባት ያመኛል። ማጣራቱን አገር ቤት ሆና ብትጀምረው ኖሮ ግማሹ ጊዜ ይተርፍ ነበር።

አገር ቤት ያለው ሰው ደግሞ "ዱባይ ነህ እኮ" ይላል። ለእናቴ በወር 500 እልካለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያው 500 በብር ሲመነዘር እጥፍ ሆነ። ደስ አለኝ። እማዬ ግን በስልክ "ልጄ፣ ዘይቱም ጤፉም አብሮ ወጥቷል" አለችኝ። እሷም እውነቷን ነው። በርበሬና ሽሮ አሁንም ሰው ሲመጣ ትልክልናለች። እንጀራውን ዴይራ ወርደን እንገዛለን፤ ከአል ቁሳይስ በግሪን ላይን ሜትሮ ቀጥታ ነው።

ሌላው የተማርኩት ከውሉ ላይ ነው። 11,000 ከሚለው ውስጥ ቤዚክ የሚባለው መነሻ ደመወዝ 4,400 ብቻ ነበር። ቀሪው አበል ነው። ሥራ ስትለቅ የሚከፈልህ የአገልግሎት ክፍያ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን፣ የሚሰላው በቤዚኩ ነው። የቤተሰብ ትኬትና የልጆች ትምህርት ቤት ድጋፍ መጠየቅ እንደሚቻልም አላወቅኩም ነበር። የሚቻለው ከመፈረም በፊት ነው።

ባለፈው ወር የአንድ ጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ከአዳማ ደወለልኝ። ቅጥር መጥቶለታል፣ ሚስትና ሕፃን ልጅ አለው። "ጋሼ፣ 9,000 ይበቃናል?" አለኝ። ቤዚኩ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። ለመጀመሪያው ቼክ የሚሆን ብድር ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ አድርገው ይሰጡህ እንደሆነስ? አልኩት። ጥቂት ዝም አለ።

"ነገ ጠይቄያቸው እደውልልሃለሁ" አለኝ።