ሰፊ ካያክ ገዝቼም የተገለበጥኩበት ምክንያት

ባለፈው ቅዳሜ ትልቅ አምባዛ ያዝኩና ሳልገለበጥ ካያኬ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ትንሽ ጀልባዬ) ላይ አወጣሁት። ደስታዬ እስካሁን አልበረደም። ለዚህ ቀን ስድስት ወር ፈጅቶብኛል።

አጀማመሬን በአጭሩ ልለፈው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሜ በመንጠቆ ቆሮሶ እይዝ ነበር። የመጀመሪያውን ካያክ የገዛሁት መልኩን አይቼ ነው። ረጅምና ቀጭን፣ እግር ወደ ውስጥ የሚገባበት ዓይነት፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሲቀዝፉት ይበራል። የዓሳ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ዞር ለማለት ግን ያስፈራል። ሸጥኩት።

ሁለተኛው ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ነው። ስፋቱ 84 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። ወለሉ ላይ የገባው ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሉት። አሁንስ አልገለበጥም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ተገለበጥኩ።

ነገሩ ያልገባኝ እዚህ ላይ ነው። ካያኩ ሰፊ ነው። እኔ 74 ኪሎ ነኝ፣ እሱ 150 ኪሎ ይሸከማል። ታዲያ ምን ጎደለ? ለካ ጉዱ ወንበሩ ኖሯል! ከፍ ያለ ወንበር ለወገብ ይመቻል፣ ውሃውንም በደንብ ያሳያል። ነገር ግን ሰው ከፍ ብሎ በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ዘንበል ሲል ጀልባው ይከተለዋል። ወንበሬን ፈትቼ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አደረግኩት። በዚያው ቀን ሌላ ካያክ የሆነ መሰለኝ። የዓሳ ሳጥኑንም ከኋላ ካለው ከፍታ አውርጄ ወለሉ ላይ አሰርኩት። መልህቁን ደግሞ ከጎኔ ማሰር ትቼ ከኋላ ጫፍ አሰርኩት። ነፋስ ሲመጣ የጎን ገመድ ጀልባውን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል።

ስለ ሚዛን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቀጥ ብለህ ስትቀመጥ አለመወዝወዝ አንድ ነገር ነው። ዘንበል ስትል መልሶ መያዝ ሌላ ነው። ሻጮች የሚያሳዩህ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሆደ ጠፍጣፋው መጀመሪያ ላይ እንደ ጠረጴዛ ይቆማል፣ ልኩን ካለፈ ግን ድንገት ይጥልሃል። ስለዚህ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሆን ብለህ እስኪጥልህ ድረስ ሳታጋድለው ካያክ አትግዛ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ፈልግ።

ወደ አምባዛው ልመለስ። ጎኑ ላይ ሲደርስ ጅራቱን መታና ፊቴን በውሃ ሞላው። እጄ ሊከተለው ነበር። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሳ ገበያ፣ ያሉ አንድ አዛውንት ጀልባ ቀዛፊ ያሉኝ ትዝ አለኝ፦ «ልጄ፣ ዓሳውን አትከተለው፤ ቁጭ በልና ራሱ ይምጣ።» እምብርቴን ከጀልባው መሃል ሳላነሳ ገመዱን ላላ አደረግኩለት። ሲደክመው በመረብ ከስር አፈስኩት።

አሁን የምወጣው ንጋት 12 ሰዓት ነው፣ ከ4 ሰዓት በፊት እመለሳለሁ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል። ጉማሬ ስላለ ወደ ሸምበቆው አልጠጋም። መጀመሪያ ላይ ላይፍ ጃኬት ሳልለብስ ወጥቻለሁ። ሳስበው አሁንም ሰውነቴን ይነዝረኛል፣ እናንተ እንዳታደርጉት። ከተገለበጡ በኋላ ጥልቅ ውሃ ላይ ተመልሶ መውጣትን ገና በደንብ አልቻልኩም፤ በሆዴ እስክወጣ ድረስ ሦስቴ እንሸራተታለሁ። የሚመጣው እሑድ ጠዋት ዳር ላይ እለማመዳለሁ። ካያክ ያላችሁ ኑ፣ አብረን እንሞክር።