ከልጄ ትራስ ሥር ያገኘሁት መጽሐፍ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን አንሶላ ስቀይር ከትራሷ ሥር አንድ ልብ ወለድ አገኘሁ። ሽፋኑ ተቀዷል። ዘንባባዎቹ ሥር ሸራ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ልጆች፣ በኪስ ገንዘቧ የገዛችው ነው። ቆሜ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ አንዲት ልጅ ውኃ ቀድታ ስትመለስ የምትጠለፍበት ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ደራሲው ሌሊቱንም አልዘለለውም። መጽሐፉን ወስጄ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው።

ማታ ስትጠይቀኝ «ገና ነሽ» አልኳት።

«መቼ ነው የምደርሰው?»

መልስ አልነበረኝም። 14 ልበል? 16? በእኛ ልብ ወለዶች ጀርባ ላይ ዋጋ እንጂ ዕድሜ አይጻፍም።

እኔስ መቼ ደረስኩ? እናቴ ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ብላ ጥጥ ስትፈትል «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ አብሬያት ስሰማ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በ1958 የታተመው ይህ መጽሐፍ የራሳችን የጎጃም ታሪክ ነው። በብፅዓት የተሰጠ ድሃ ልጅ የባላባት ልጅ ይወዳል፤ መጨረሻው ሞት ነው። «ይቺ ልጅ አትስማ» ያለ ሰው ትዝ አይለኝም። ያልገባኝን እጠይቃለሁ። «አባቷ ለምን አይድሯትም?» ስላት «ዘር ሲቆጥሩ» አለችኝ። አንዳንዱን ደግሞ «ዝም ብለሽ ስሚ» ትለኝ ነበር።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረን ነበር። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሰማዕታት አንገታቸው ሲቀላ አየች። 78 ሰው የበላውን በላዔ ሰብእንም አየች። የሚያስጎበኙን አባት በበትራቸው እየጠቆሙ፣ ለተጠማው ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውኃ እንዴት እንደዳነ በዝግታ ነገሯት። የጠየቀችውን ሁሉ መለሱላት። ማታ አልቃዠችም። ያን ቀን ዓይኗን ልሸፍንባት አላሰብኩም። አጠገቧ የሚያስረዳት ሰው ስለነበረ ይመስለኛል።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ጭቅጭቃችንን ሰምታ ኖሮ «ምን የሚል መጽሐፍ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔኮ ስዳር 13 አልሞላኝም» አለች።

ይህን አውቃለሁ። ዛሬ የቤተሰብ ሕጉ 18 ይላል፤ ያኔ እሷን የጠየቃት የለም። ግን ነገሩን ከቆለፍኩት መጽሐፍ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። እናቴ በልጅነቷ የኖረችውን ነው ልጄ እንዳታነበው የቆለፍኩባት። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ተነሥቼ መጽሐፉን ራሴ አነበብኩት። ያ ምዕራፍ ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ አቋርጬ ተነሥቻለሁ። ግን ደራሲው ከልጅቷ ጎን ነው የቆመው። ሕመሟን አላሳመረውም፤ ጠላፊውንም ጀግና አላደረገውም። እንዲህ ያለውን ጭካኔ የፍቅር ማጣፈጫ የሚያደርጉ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ማታ ስትታገል የነበረች ልጅ በማግሥቱ ወዳው ትነሣለች። እሱን ለ12 ዓመት ቀርቶ ለ20 ዓመት ልጅም አልሰጥም። ልጄ ክፉ ነገር መኖሩን ብታውቅ አልፈራም። ክፉው በጎ ተብሎ ሲቀርብላት እንዳትቀበለው ነው የምፈራው።

ደግሞ ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ የአያ ጅቦን ተረት ስነግረው እንኳ ጆሮውን ይይዛል። እሱ 15 ሲሞላውም እንዲህ ያለው ላይሆንለት ይችላል። እሷ ግን ስትፈራ ትጠይቃለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት።

እሑድ ከቡና በኋላ መጽሐፉን መለስኩላት። «የከበደሽ ቦታ ላይ ትዘጊዋለሽ። ያልገባሽን ትጠይቂኛለሽ» አልኳት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «እስቲ ለኔም አንብቢልኝ» አለቻት።

በረንዳው ላይ ከጣና በኩል ነፋስ ይመጣል። ልጄ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች። ያ ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ቆመችና አያቷን አየቻት። እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ቀጥይ የኔ ዓለም።»

ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ «ለምንድን ነው ለማንም ያልተናገረችው?» አለች። እኔ የምመልሰውን ሳሰላስል እናቴ ቀደመችኝ።

«ለማን ትናገር?»

ቀጥላም ከተዳረች በኋላ ሌሊት ወደ እናቷ ቤት የሸሸችበትን፣ በማግሥቱ በሽማግሌ የተመለሰችበትን መንገድ ነገረቻት። እኔም ሰምቼው የማላውቀውን። የመጽሐፉ ገጽ ልጄ ጭን ላይ እንደተገለጠ መሸ።