ዘመድ ፍለጋ በጣና ዳር

ጥፋቱ የሥዕሉ ነው። ባሕር ዳር ባረፍንበት ሆቴል የምግብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ በጣና ደንገል መካከል ፍላሚንጎ የሚባሉ እግረ ረጅም ቀያይ ወፎች ተሰልፈው ቆመዋል። ከጀርባቸው ታንኳ፣ ከታንኳው ባሻገር የገዳም ጣሪያ ይታያል። የአሥራ አንድ ዓመቷ የእህቴ ልጅ እራቷን ትታ ሥዕሉ ላይ ተተክላ ቀረች። "አጎቴ፣ ነገ እነዚህን እናያለን አይደል?" ባለፈው ዓመት አቢጃታ ሐይቅ ወስጃት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ ባየች ቁጥር የምትጠብቀው ፍላሚንጎ ነው። "አዎ" ብዬ መዋሸት አልፈለግኩም፤ "አይ" ብዬ እራቷን መቀማትም ከበደኝ። "ነገ እንጠይቃለን" ብዬ አለፍኩ።

በማግሥቱ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዋጋ በቂ ያህል ከተጨቃጨቅን በኋላ፣ ጀልባ ተከራየን። ነጂው ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ ጥያቄዋን አቀረበችለት፤ እሱም ሳቀና፣ "እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው ያደግኩት። እኔ ፍላሚንጎ ያየሁት ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ነው" አላት።

ብዙም ሳንርቅ ጮኸች። "ያውና!" ዓሣ አጥማጆች አምባዛና ቀረሶ በሚያራግፉበት ዳርቻ አካባቢ፣ ግዙፍ ነጫጭ ወፎች የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠባበቃሉ። የጧት ፀሐይ ሲያርፍባቸው በእርግጥም ቀላ ይላሉ። ግን ፔሊካኖች ናቸው፤ እግራቸው አጭር፣ ከምንቃራቸው ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት ደግሞ የጎረቤት ልጅ የሚያህል ዓሣ የሚያስገባ ይመስላል። ልጅቷ በጣም አዘነች። ስለዚህ ምክንያቱን መናገር ግድ ሆነብኝ።

"አቢጃታ ላይ ውኃውን ስትነኪው ምን አልሽኝ?"

"እንደ ሳሙና ያሟልጫል።"

ምክንያቱ ያ ነው። የስምጥ ሸለቆው ሐይቅ ሶዳ የበዛበት ነው፤ ትንሹ ፍላሚንጎ የሚመገበው ስፒሩሊና የተባለው በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ሕይወት የሚራባውም እንዲህ ባለው ውኃ ነው። ሮዝ ቀለሙንም የሚያገኘው ከዚሁ ምግቡ ነው። ጣና ግን ጨው አልባ ሐይቅ ነው። ወፉ መንገድ ስቶ ቢያርፍበት እንኳ ገበታው ባዶ ይሆንበታል። ነጂው ይህን ሲሰማ እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ ፊቱን ታጠበና፣ "እንግዲህ ጥፋቱ የውኃው ጣፋጭነት ነው" አለ።

ልጅቷ ሌላ ጥያቄ ነበራት። አቢጃታ ላይ ትልልቅና ትንንሽ ፍላሚንጎዎችን አብረው ስታይ እናትና ልጅ መስለዋት ነበር። እኔም ያኔ አላረምኳትም፤ ስለደከመኝ ነው። አሁን ዕዳዬን ከፈልኩ። ትልቁ ፍላሚንጎ ምንቃሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ የጠቆረ ነው፤ የትንሹ ምንቃር ግን ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ይመስላል። እናትና ልጅ መሆናቸው ይቅርና፣ የአንድ ወገን አባላት እንኳ አይደሉም። ትልቁ ፊኒኮፕቴሩስ በሚባለው ወገን ውስጥ ይመደባል፤ ትርጉሙ በግሪክኛ "ቀይ ክንፍ" ማለት ነው። ትንሹ ደግሞ ፊኒኮናያስ ሲሆን፣ ከቀዩ ቀለም ጋር የምንጭ ውኃ ሴት መንፈስን ስም ተሸክሟል። የወፍ ተመራማሪዎች ወገን የለዩት በምንቃሩ ቅርጽ ነው፤ የትንሹ ምንቃር ወንፊቱ የደቀቀ ነው፣ እጅግ ጥቃቅን ምግብ ያጠልላል። በዓለም ላይ ካሉት ስድስት ዝርያዎች አፍሪካ ያሏት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የቀሩት አራቱ በአሜሪካ አህጉራት ይኖራሉ፤ አንዱ በካሪቢያን፣ አንዱ በቺሌ ስም የሚጠራ፣ ሁለቱ ደግሞ በአንዲስ ተራሮች ከፍታ ላይ። የአንዲሶቹ የኋላ ጣት የላቸውም። ልጅቷ የራሷን ጣቶች አየች።

ደንገሉ ጥላ ወደሚጥልበት ጥግ ስንጠጋ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ያኔ ነው ከጀልባችን አሥር ሜትር ያህል ርቃ ጡጫ የምታህል ቡናማ ወፍ ከውኃው ብቅ ያለችው። አንገቷ የሸክላ ቀለም አለው። አየችን፤ ድምፅ ሳታሰማ ጠለቀች። ቆጠርን። ሃያ ላይ ስንደርስ ፈጽሞ ባልጠበቅነው ቦታ ወጣች።

"ያቺማ ዳክዬ ናት" አለ ነጂው፣ ለማሳየትም የማትገባ አድርጎ።

እኔ ግን ልቤ ዘለለ። ዳክዬ አይደለችም። ጣቶቿ እንደ ዳክዬ በቆዳ የተያያዙ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው እንደ ቅጠል የሰፉ ናቸው። ጫጩቶቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ ትዋኛለች፣ የራሷን ላባም ትበላለች። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ፣ በዓለም ላይ ካሉ ወፎች ሁሉ ለፍላሚንጎ የቅርብ ዘመዱ ይህች ግሪብ የሚሏት ጠላቂ ወፍ ያለችበት ቤተሰብ ነው።

ይህ ዘመድነት እስኪታወቅ ብዙ ተደክሟል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔዩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1758 ለፍላሚንጎ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው እግረ ረጅም ከሆኑት ጋር ደመረው። ከእሱ በኋላ የመጡት አንዳንዶቹ ከሽመላና ከሳቢሳ ጋር መደቡት፤ ሌሎቹ ጩኸቱን፣ የእግሩን ቆዳና በላባው ውስጥ የሚኖረውን ቅማል አይተው ከዝይና ከዳክዬ ጋር አዛመዱት። በቅማል ዘር መቁጠር! እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት የእኛ ሽማግሌዎች እንኳ እዚህ አልደረሱም። በ2001 የታተመ የዘረ መል ጥናት ግን ጣቱን ወደ ጠላቂዎቹ ቀሰረ። አጥንትና እንቁላልም ሲመረመሩ ያንኑ መሰከሩ፤ የሁለቱም እንቁላል ላዩ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ዛሬ ፍላሚንጎዎች የራሳቸው ክፍለመደብ፣ ማለትም ከወገን የሰፋ ምድብ፣ አላቸው፤ ከጠላቂዎቹ ጋር የሚያስተሳስራቸው ግንድ ደግሞ ሚራንዶርኒቴስ ይባላል፣ "ድንቅ ወፎች" እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው እንደኔ ተደንቆ መሆን አለበት።

ነጂው አላመነኝም። "ጋሼ፣ ዘመድ ከሆኑ ለምን አይመሳሰሉም? አንዱ እንደ ቀጭኔ፣ አንዷ እንደ ድንች!"

"አንተ ከአጎቶችህ ሁሉ ጋር ትመሳሰላለህ?"

አሰበበት። "አንደኛው አጎቴ በጣም ረጅም ነው" አለ በመጨረሻ።

ዘጌ ደርሰን ቡናው ጫካ ውስጥ ተዘዋወርን፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ አየን፤ ስለ ሥዕሎቹ ብዙዎች ስለጻፉ እኔ አልደግመውም። ስንመለስ ልጅቷ ጉማሬም ንስርም አላየችም፤ ደንገሉን ደንገሉን ስትቃኝ አራት ጠላቂዎች ቆጠረች። አራተኛዋን ያገኘላት ነጂው ነው።

ከጀልባው ስንወርድ ሌሎች መንገደኞች ይጠብቁት ነበር። ሒሳቤን ስከፍለው ጆሮዬን ወደ እነሱ ጣልኩ። "የፍላሚንጎን የአጎት ልጅ አሳያችኋለሁ" ይላቸዋል። የጠራላቸው ዋጋ ከእኔ በሁለት መቶ ብር ይበልጥ ነበር።