ዳፍንት የያዛት ጥጃ

አምና መጋቢት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ግቢዬ ውስጥ ሦስት ዲቃላ ላሞች አሉኝ። ትልቋ ወለደች። መሸ፣ ነጋ፣ የእንግዴ ልጁ አልወርድ አለ። አንድ ጎረቤቴ «አሮጌ ጫማ ይታሰርበት፣ ክብደቱ ይጎትተዋል» አሉ። እኔም በእጄ ልስበው ዳድቶኝ ነበር። ደግነቱ ሐኪሟ ደረሰች። «እንዳይነኩት! ማህፀኗን ያቆስሉታል» ብላ ተቆጣችኝ።

እሱ በመድኃኒትና በብር አለፈ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ጥጃዋ ግራ አጋባችኝ። ቀን ቀን ትቦርቃለች። አመሻሹ ላይ ግን ባልዲው ላይ ትላተማለች፣ ግድግዳ ትገጫለች። ለእኔ ቅብጠት ነበር የመሰለኝ። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ አየቻትና «ይቺማ ዳፍንት ይዟታል፤ ሰው ቢሆን ጉበት ይበላ ነበር» አለች። እኔ ሳቅኩ። ሐኪሟ አልሳቀችም።

«እናትየው አረንጓዴ ነገር ከበላች ስንት ጊዜዋ ነው?» አለችኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሣሩ ጥቅምት ላይ አልቋል። ከኅዳር ጀምሮ የጤፍ ጭድ፣ ፉርሽካ፣ የቢራ አተላ። «እኔ እኮ አጥግቤያታለሁ!» አልኩ። ሆዷማ ሞልቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ላም ቫይታሚን ኤ የምትሠራው አረንጓዴ መኖ ውስጥ ካለው ካሮቲን ነው። ቫይታሚን ኢም የሚገኘው በብዛት ከዚያው ከለምለሙ ነው። ጭድ ውስጥ ሁለቱም የሉም ማለት ይቀላል። ቢ የሚባሉትን ሆዷ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ይሠሩላታል፤ እነዚህን ግን አይሠሩላትም። ክረምት ላይ ጉበቷ ውስጥ ያጠራቀመችውን ኤ በጋውን ሙሉ ስትመነዝር ትከርማለች። እናቴ ጉበት ያለችው ለካ ወዳ አይደለም።

የባሰው መውለጃዋ ሲደርስ ነው። ጡቷ እንገር ለመሥራት ኤ እና ኢን ከደሟ ይስባል፣ የምግብ ፍላጎቷም ያን ሰሞን ይቀንሳል። ስለዚህ በወለደች ሰሞን ደሟ ውስጥ ያለው በጣም ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ኢ እና ሴሌኒየም የሚባለው ማዕድን ሲያንሱ የሰውነቷ መከላከያ ይደክማል። እንግዴ ልጁ አልላቀቅ የሚለው፣ ጡቷም ቶሎ የሚታመመው አንዱ በዚህ ነው። ጥጃዋ ማህፀን ሳለች የሚደርሳት ኤ ትንሽ ስለሆነ ተስፋዋ እንገሩ ነው። እኛ ደግሞ ግማሹን ድስት ላይ ጥደን በላነው። እንገር እንዴት እንደሚጥም መቼም ለወሎ ሰው አልነግርም።

ጥጃዋ የኤ መርፌ ተወጋች። ቀን ቆጥሬ ባልያዝም ብዙ ሳትቆይ ባልዲውን በምሽት መዝለል ጀመረች።

ዘንድሮ ሥራውን ከመስከረም ጀመርኩ። አጥሩ ሥር የዝሆን ሣርና ሳስፓንያ፣ ከጓሮ አልፋልፋ ተከልኩ። ቦርከና ዳር ያለው ሣር ያስጎመጃል፤ የከተማው ቆሻሻ የሚወርድበት ስለሆነ ግን አልደፍረውም። ሣሩን ሳያረጅ አጨድኩ። ጠውለግ ሲል ከፀሐይ አነሳሁት፤ ፀሐይ ሲመታው ከከረመ ካሮቲኑ ይጠፋል። አሁን ድርቆሽ ስገዛም እስሩን ሰንጥቄ መሀሉን አያለሁ። ላዩ ቢገረጣም ግድ የለም፤ መሀሉ እንደ ጭድ ከነጣ ግን ጥዬ እሄዳለሁ። ሻጮቹ አይወዱኝም።

ሁለተኛዋን ላም ከመውለዷ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ማለቡን ትቼ አነጠፍኳት። ሐኪሟ ስልኳን አውጥታ አሰላች። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት መመዘኛ ለነጠፈች ላም በኪሎ ክብደቷ 110 ዩኒት ኤ እና 1.6 ዩኒት ኢ ይላል። 400 ኪሎ ለምትሆነው ላሜ በቀን 44,000 ኤ እና 640 ኢ መሆኑ ነው። ከመኖው የጎደለውን በመርፌ ሞላችላት። እኔ «አንድ ጊዜ ድገሚያት» ብላት እምቢ አለች። ኤ ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ ሲበዛ ይመርዛል።

ላሟ ጥር ላይ ወለደች። እንግዴ ልጁ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይጠጣ ወረደ። እንገሩ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳል ይመስላል፤ የአምናው የነጣ ነበር። መጀመሪያ ጥጃው ጠግቦ ጠባ። ለእኛ የተረፈው አንዲት ኩባያ ናት፣ እናቴ አኮረፈች።

ይሄኔ አዋቂ ሆኛለሁ ብዬ ነው ሦስተኛዋ ላይ የተሳሳትኩት። አረንጓዴ ጥሩ ነው ብዬ እስክትወልድ ድረስ አልፋልፋ ከመርኩላት። በወለደች ማግሥት ጠዋት ተኝታ አገኘኋት። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ አንገቷን ወደ ጎን አጥፋለች። የወተት ትኩሳት ነው፤ ስሙ ትኩሳት ይባል እንጂ ሰውነቷ በረዶ ነው። ሐኪሟ ካልሲየም በደም ሥሯ ቀስ አድርጋ ሰጠቻት፣ ተነሳች። «ቫይታሚን ዲ ወግተናት የለ?» አልኩ። ዲ ካልሲየም ከመኖው እንዲገባ ያግዛል። አልፋልፋ ግን ካልሲየሙም ፖታሲየሙም ብዙ ነው። ሳትወልድ ሲበዛባት ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም ማውጣቱን ችላ ይላል፤ ወተቱ ድንገት ሲመጣ አይደርስላትም።

አሁን ለመውለድ ሦስት ሳምንት የቀራት ላም ከአልፋልፋው ትለያለች፣ ጥሩ የሣር ድርቆሽ ትበላለች። አልፋልፋው የምትታለበዋ ነው። ትልቋ ዘንድሮም ደርሳለች። ጓሮውን በአጥሩ ቀዳዳ አይታ ስትጮህብኝ ትውላለች።