የጋሼ ንግግርና የማይኩ ድንጋይ

ጥር ለጎንደር የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው፤ ድምፅ ለምናከራይ ደግሞ የፉጨት ወር። ታቦቱ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በተመለሰ ሳምንት አዘዞ አንድ ዳስ ውስጥ ስፒከር ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። የሙሽራዋ አጎት ንግግር ሊያደርጉ ተነሡ። ሦስት ገጽ ጽፈዋል፣ ያውም በስስ ወረቀት! እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ወረቀቱ አጋኖ ያሳብቃል፤ ሰውም ቃሉን ትቶ ወረቀቱን ያያል። ጠንከር ያለ የደብተር ሽፋን ላይ አራት አምስት ቃል ጽፎ መያዝ ነበር የሚሻለው። በቃል የሚጠናው የመጀመሪያው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ልብ የሚደልቀው እዚያ ላይ ነዋ።

ጋሼ የማይኩን ወንፊት በመዳፋቸው ጭምቅ አድርገው እምብርታቸው ጋ ያዙት። «አይሰማም፣ ጨምር!» ሲሉኝ ጨመርኩ። እሳቸው ደግሞ ለሙሽሮቹ ልቅረብ ብለው ስፒከሩ ፊት ገቡ። ከስፒከር የወጣውን ማይኩ መልሶ ሲቀበል፣ ያ ደግሞ ጎልቶ ሲወጣ፣ እንደገና ሲገባ፣ ሲይይይይ! ሴቶቹ እልል በሉ የተባሉ መስሏቸው ዳሱን አቀለጡት። ጋሼ ገና «ክቡራን» ብቻ ነው ያሉት።

ሮጬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ከከንፈርዎ ሦስት አራት ጣት ያርቁት፣ ወንፊቱን ይልቀቁት፣ ከስፒከሩ ኋላ ይቁሙልኝ።»

«አፌ ደረቀ» አሉኝ። ፍርሃት ምራቅ ያደርቃል፣ መድኃኒቱ ውሃ ነው። እሳቸው ግን አረቄውን ጨለጡት፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ ያደርቃል።

ይሄኔ መብራት እልም! ስፒከሩ ዝም ሲል ጋሼ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱ፣ አየር ስበው ቀስ ብለው ረዘም አድርገው አስወጡ፤ ይቺን ማን እንዳስተማራቸው እንጃ። ከዚያ አንዴ ግራ፣ አንዴ መሐል፣ አንዴ ቀኝ የተቀመጠ ሰው ዓይን ዓይን እያዩ «ውለዱ፣ ክበዱ» እያሉ መረቁ። ዳሱ በአሜን ተናወጠ።

ጨርሰው ተቀመጡ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ያ ማይክ የሚሠራው በራሱ ድንጋይ ስለሆነ መብራት ሲሄድም አልጠፋም፣ አሁንም እጃቸው ላይ ነው። ወደ ባለቤታቸው ጎንበስ አሉ።

«ንግግሩን የፈራሁ መሰለሽ? እህትሽን ነው እንጂ! አፍጥጣ ስታየኝ ቃሉ ሁሉ ይጠፋብኛል።»

ዳሱ ሙሉ ሰማ። እህትየው ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ድምፁን ልቀንስ እጄን ስሰድ በጣታቸው አስቆሙኝ።

«ተወው ልጄ፣ ይጨርስ!»